ከመስመሩ ወዲያ ያለው ድንጋይ

ኑቢት መዳፏን ከፒራሚዱ ግድግዳ ላይ አላነሳችም። ፀሐይ ከዓባይ ማዶ ካሉት ኮረብታዎች ጀርባ ገና ብቅ ማለቷ ነው። በዚህ ሰዓት ከደቡብ የመጣው ቀይ ግራናይት እጅ እስኪያደነዝዝ ድረስ ይቀዘቅዛል። እጇ ያረፈበት ቦታ ግን ለብ ያለ ነበር። ወደ ቀኝ ፈቀቅ ስታደርገው ብርድ፣ ወደ ግራ ፈቀቅ ስታደርገው ብርድ፤ መሀል ላይ ያለችው፣ የዳቦ ቁራሽ የምታህለው ቦታ ብቻ አልቀዘቀዘችም።

«ምነው ድንጋዩን እንዲህ አቀፍሽው? ታጭተሻል እንዴ?» አለ ከኋላዋ ኢንካፍ፤ ድቡልቡሉን የመውቀሪያ ድንጋይ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያቀባበለ።

«እስቲ ና፣ እጅህን እዚህ አድርግ።»

«እጄ ሥራ ይዟል።»

«ኢንካፍ፣ ና ብዬሃለሁ!»

አልመጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳትጠራው ነበር የሚመጣው፤ ሥራ የሚያስፈታው ነገር ካገኘ እንኳን ተጠርቶ ተገፍቶም አይመለስም። አሁን ግን ባለበት ቆሞ አፈሩን በእግሩ ጣት ይቆፍራል። ኑቢት ለብ ያለችውን ቦታ በጥፍሯ ጫር አደረገቻት። ግራናይት በጥፍር አይጫርም። ይህ ግን ተጫረ፤ ጥፍሯ ሥር ነጣ ያለ ዱቄት ገባ።

«ጀሶ ነው» አለች።

«የድንጋዩ ደም ሥር ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ነጭ ደም ሥር አለው። እኛ አገር ሞልቷል።»

«አትፎግረኝ። እዚሁ ነው የተወለድኩት፤ ጀሶና ደም ሥር ይጠፋኛል?»

ኢንካፍ ወዲያ ወዲህ አየ። ሌሎቹ ወቃሪዎች ገና ከታች ዳቦና ሽንኩርታቸውን እየበሉ ነው። ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ሞከረ፤ ከጎረመሰ ወዲህ ግን ድምፁ አልታዘዝ ብሎታል፤ መሀል ላይ እንደ ዳክዬ ጮኸበት።

«በአምላካችን በሐቶር ይዤሻለሁ ኑቢት፣ ለማንም አትናገሪ።»

የኑቢት ሥራ ቀዩን ሰሌዳ መያዝ ነበር። ወቃሪዎቹ የግራናይቱን ሸካራ ፊት በጠንካራ ጥቁር ድንጋይ እየቀጠቀጡ ያወርዱታል፤ ከዚያ በእርጥብ አሸዋ ይፈትጉታል። ፈትገው ሲያበቁ እሷ ቀጥ ያለውን የእንጨት ሰሌዳ ቀይ አፈር ቀብታ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። ሰሌዳው ሲነሳ ቀለሙ የነካው ቦታ ጉብታ ነው፤ እንደገና ይፈተጋል። ቀለም ያልነካው ደግሞ ጎድጓዳ ነው። ጉብታ መድኃኒት አለው። ጎድጓዳ ግን የለውም፤ ከድንጋይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም። አንድ ሰው አንዲት ቦታ ላይ ከልክ በላይ ከወቀረ ዙሪያው ያለው ግድግዳ በሙሉ እስከዚያች ጎድጓዳ ድረስ መውረድ አለበት። ወቃሪዎች ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩት በጅብ ሳይሆን በዚህ ነው።

ኢንካፍ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በፀሐይ መግቢያ በኩል ጠርዝ ላይ ያለውን፣ የመጨረሻውን ድንጋይ፣ ብቻውን ሲወቅር ሐሳቡ ሄዶበት አንድ ጣት ያህል አስገባው። ሲደነግጥ ጊዜ ጀሶ በግራናይት ዱቄትና በቀይ አፈር ለውሶ ደፈነው። አደፋፈኑ፣ እውነት ለመናገር፣ የሚያስመሰግን ነበር። ቀዩ ሰሌዳ እንኳ አያውቅበትም፤ እጅ ነው ያወቀበት።

«ሐሳብህ የት ሄዶ ነው?»

«አቡ።»

አቡ አገሩ ነው፤ በደቡብ፣ ይኸው ቀይ ግራናይት ከሚፈለጥበት፣ ዓባይ በቋጥኞች መሀል እየጮኸ ከሚያልፍበት።

«ከቤት ስወጣ ድምፄ እንደ አንቺ ቀጭን ነበር» አለ ኢንካፍ። «አሁን በር ላይ ቆሜ 'እማዬ' ብላት ውሻ ነው የምትለቅብኝ።»

ንጉሡ ከሞቱ ወዲህ ነገር ሁሉ ተለዋውጧል። የፒራሚዱ የላይኛው ክፍል ነጭ ድንጋይ ለብሶ አልቋል፤ ከታች ያለው የግራናይት ልብሱ ግን ሸካራ እንደሆነ ነው። ድንጋዮቹ ሲነሱ መፈንቀያ እንጨት እንዲይዛቸው የተተዉት ጉብታዎች፣ ሠራተኛው «ጆሮ» የሚላቸው፣ እንኳ አልተቆረጡም። አዲሱ ንጉሥ የራሳቸውን ማረፊያ ወደ ደቡብ ወረድ ብለው ጀምረዋል፤ ሰውም እህልም ወደዚያ ነው የሚሄደው። ለዚህኛው የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ በመግቢያው በር ዙሪያ ያለው ፊት ይለስልስ፣ ሌላው እንዳለ ይቅር። ያ ሲያልቅ የንጉሡ ሹም መጥተው ያያሉ። «ደህና ነው» ካሉ ቡድኑ ይበተናል፤ የአቡ ሰዎች በመርከብ ወደ አገራቸው፣ አለቃው ሜሁና ቤተሰቡ ወደ አዲሱ ሥራ። ኑቢት የሜሁ የወንድም ልጅ ናት።

ይህ ሁሉ ግን በውሃው ነው የሚወሰነው። ትልልቆቹ መርከቦች የሚነሱት ዓባይ ሞልቶ ወደቡን እስከያዘ ድረስ ነው። ውሃው ደግሞ መሸሽ ጀምሯል፤ በወደቡ ግድግዳ ላይ በየቀኑ ጥቁር የጭቃ መስመር እየተወ ይወርዳል። አንዴ ከሸሸ የሚቀጥለውን ሙላት መጠበቅ ነው።

«ሹሙ አይተው ይሂዱ፤ እኛም እንሂድ» አለ ኢንካፍ። «ማንን ይጎዳል? ንጉሡ እንደሆኑ ተኝተዋል።»

«ዝናብ ቢመጣስ? ጀሶ ውሃ አይወድም።»

«እዚህ አገር ዝናብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያለፈው ብርድ ጊዜ ዘንቧል።»

«ሁለት ጠብታ! አንዷ አንቺ ላይ፣ አንዷ አህያ ላይ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የኢንካፍ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሰው ሊቆጣው ሲል ያስቀዋል። ሰሌዳዋን አንስታ ወደ ሌላው ድንጋይ ሄደች። እሺም እምቢም አላለችውም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲፈታ ወደ ቤት የሄደችው በዳቦ ጋጋሪዎቹ ግቢ በኩል ነበር። አጭሩ መንገድ ይህ አይደለም። ሰሞኑን ግን በከተማው ውስጥ ባለፈች ቁጥር ረጅሙን መንገድ ነው የምትመርጠው። ግማሹ ምድጃ ጠፍቷል። ደወል የሚመስሉት ትልልቅ የሸክላ ዳቦ መጋገሪያዎች በየጥጉ ተቆልለዋል፤ ማንም ስለማይሸከማቸው እዚሁ ሊቀሩ ነው። በየቤቱ ሰዎች በሮችንና ምሰሶዎችን እየነቀሉ ነው። እንጨት ውድ ነው፤ ከእንጨት በቀር ያለው ሁሉ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ በየትም አገር ይገኛል።

ከማዶ የአፈሩን ድልድል ይንዱታል። ድንጋዮቹ በሸርተቴ ላይ ሆነው የወጡበት ያ ረጅም አቀበት ከሥሩ በቅርጫት እየተጫነ ይሄዳል። ኑቢት ቆማ አየችው። ሌላው ሰው ፒራሚድ ሲባል ድንጋዩ ነው የሚታየው። እሷ ግን የሚመጣባት ውሃው ነው። ከሸርተቴው ፊት ፊት አንድ ሰው በእንስራ እየዞረ መንገዱን ያረጥብ ነበር፤ እንጨቱ በእርጥብ ሸክላ አፈር ላይ እንዲንሸራተት። አውራጁ «እምቢ አለ!» ሲል ጎታቾቹ «ይመጣል!» ይላሉ፤ «እምቢ አለ!» «ይመጣል!» እያሉ ገመዱ እንደ ክራር እስኪወጠር ይስባሉ። ሸርተቴው ሲያልፍ ደግሞ ተራው የልጆች ነበር። ከላይ ተቀምጠው በቂጣቸው እስከ ታች ይንሸራተታሉ፤ አንዴ ኑቢት የቢራ ጋን የተሸከመ ሰው ጉልበት ላይ አርፋ ጋኑም እሷም ሰውየውም አንድ ላይ ወርደዋል። አያቷ ኢፒ፣ የሜሁ አባት፣ ያን ቀን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወላጆቿን በሕፃንነቷ ስላጣች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ብርድ ጊዜ ሞቱ።

ሜሁ በሩን ነቅሎ መሬት ላይ አጋድሞት ነበር።

«ነይ ያዥልኝ» አላት። «ይህ በር ከአባቴ ቤት ነው የመጣው። እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ ግራር ነው። ባለጌ ምስጥ እንኳ አልደፈረውም።»

ያዘችለት። ልትነግረው ነበር የመጣችው። በመንገዷ ሁሉ ቃላቱን ስታስተካክል ነው የመጣችው፤ ኢንካፍ ላይ እንዳይጮህ፣ ደግሞም እንዳይደበድበው።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ጎድጓዳ ቢገኝ... ማለቴ፣ ሹሙ ጎድጓዳ ቢያገኙ ምን ይሆናል?»

«አፍሽን በመልካም ክፈቺ! ምን ይሆናል ትያለሽ? እንደገና ማውረድ ነዋ። እዚሁ እስከ ሙላት። የአቡ ልጆች ይገድሉናል፣ ሚስቴ ደግሞ የተረፈውን ትጨርሰዋለች።» ሳቀና በሩን አገላበጠው። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ደስታው ምላሷ ላይ የመጣባት። ማንም አይሄድም። ቡድኑ ከቀረ ጋጋሪዎቹም ይቀራሉ፣ ምድጃው ይነዳል፣ በሮቹ ይመለሳሉ፣ ኢንካፍም እያሳቃት አንድ ዓመት ይኖራል። እውነቱን ልትናገር ቸኩላ የመጣችው ለእውነቱ ብላ መስሏት ነበር። አሁን ስታየው ለራሷ ነው። አንድ ቃል ብትናገር የምትወደው ሁሉ ባለበት ይቆይላታል፤ ጥፋቱ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። አፈረች። ዝም ማለቱም ግን ውሸት ነው። በየት በኩል ብትዞር ደህና መቆሚያ አጣች።

«እንዲሁ ነው» አለችና በሩን ይዛ ቆመች።

እሷ ባትናገርም ውሃው ተናገረ። ሹሙ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ሜሁ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይታጠብ አለ። ግራናይት ሲረጥብ መልኩ ይወጣል፤ ቀዩ ቀይ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ያበራል። ሴኑ የሚባለው ጎታች፣ ቡድኑ ሁሉ በቢራ የሚያማው ሰው፣ ከላይ ሆኖ እንስራውን ገለበጠ። ግድግዳው ቀልቶ አበራ፤ ሁሉም «አቤት!» አሉ። ቀጥሎ ግን በመጨረሻው ድንጋይ ላይ ወተት የመሰለ ውሃ መውረድ ጀመረ።

ሜሁ ቀረብ ብሎ አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። ጣቱ ገባ።

«ማን ነው?» አለ፤ ድምፁን አልጨመረም።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ» አለ ኢንካፍ። ማንም ሳይጠቁመው፣ ወዲያው። «ከእኔ በቀር ማንም የለበትም።»

ይህን ሲል ወደ ኑቢት አላየም። እሷ ግን ጉንጮቿ ተቃጠሉ።

«ጎበዝ!» አለ ሴኑ ከላይ። «ጀሶህን ለፊትህ ብትቀባው ይሻልህ ነበር! ልጄ ጥርስ አብቅሏል ብለውኛል፤ አሁን ጥርሱን ሲነቅል ነው የምደርሰው!» አንዳንዶቹ ተሳደቡ። አንዱ ሽማግሌ ወቃሪ መውቀሪያውን አስቀምጦ ተቀመጠና ፊቱን በነጠላ ጨርቁ ሸፈነ። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ኢንካፍን የጎዳው እሱ ነበር።

ሜሁ ጎድጓዳውን በጣቱ ለካ። ከበሩ እስከ ጠርዙ ያለውን ግድግዳ አየ። «በሙሉ ይወርዳል» አለ። «መስመሩ እዚህ ድረስ ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ጎድጓዳ ትቼ ለሹሙ አላሳይም። ነገ ይምጡና እነግራቸዋለሁ። መርከቦቹ ይሂዱ፤ እኛ እንቀራለን።»

ያን ጊዜ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሊያስጥላቸው የሚችል ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ኑቢት ናት። ዝም አለች።

መስመሩ የተሰመረ ቀን ገመዱን የያዘችው እሷ ናት። አያቷ ኢፒ በቡድኑ መስመር የሚያሰምሩ ባለ ገመድ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም እሷ ጫፉን ይዛ ትቆምላቸው ነበር። ሹሙ ራሳቸው መጥተው «እስከዚህ» ብለው፣ ከማይወቀረው የታችኛው ድንጋይ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን አስነድፈው ሄዱ። ሜሁ ወደብ ወርዶ ነበር። ሹሙ ከዓይን ሲርቁ አያቷ ምልክቱ ላይ አፈር በእግራቸው ገፉበት።

«አንድ ድንጋይ ጨምሪ» አሏት።

«አባባ፣ እስከዚህ ነው እኮ ያሉት።»

«እሳቸው ያሉት እስከዚያ ነው። ይቺ ግን የእኔ ናት። ጉልበቴ እምቢ ሳይለኝ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የጎተትኳት ድንጋይ ይቺ ናት፤ ከመርከብ ስትወርድ ጀምሮ አውቃታለሁ። ፊቷን ሳላጥባት ልሂድ? ጨምሪ ልጄ። ለሜሁ እንዳትነግሪው፤ ሥራ አበዛህብኝ ብሎ ይጨቀጭቀኛል።»

ገመዱን ወጥራ ያዘች፤ እሳቸው በቀይ አፈር የተነከረውን ገመድ መሀሉን አንስተው ለቀቁት፤ አዲሱ መስመር ከሹሙ መስመር አንድ ድንጋይ አልፎ ታተመ። ኢፒ ያሰመሩትን የሚጠራጠር አልነበረም። ድንጋይዋ ሳትታጠብ ሞቱ። ኢንካፍ ያጎደጎዳትም እሷኑ ነው።

እንግዲህ ጎድጓዳው ያለው ሹሙ ባዘዙት ውስጥ አይደለም። መስመሩን ወደ ቦታው ከመለሱት ሥራው አልቋል። ሰዎቹ ይሄዳሉ። የአያቷ ድንጋይ ደግሞ ተጀምራ እንደቀረች ትቀራለች። ኑቢት ይህን ስታስብ ቃል መግባቷ ትዝ አላት፤ ቃሌን ልጠብቅ አለች። የሚያምር ምክንያት ነበር። ግን ሙሉ ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ማታ ከተማው እንግዳ ነገር ሆኖ አመሸ። የታሰረው ጓዝ ተፈታ። ሜሁ በሩን አምጥቶ ቦታው ላይ አቆመው፤ አንዲት ጋጋሪ እያጉረመረመች ምድጃዋን አነደደች፤ ጭሱ በቤቶቹ ላይ ሲያልፍ የዳቦው ሽታ መጣ። ኑቢት ስትመኘው የነበረው ሁሉ ሆነ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትኩስ ዳቦ ያዘች፤ አልበላ አላት።

ኢንካፍን ወደብ አገኘችው። ከመርከቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጠጠር ይወረውራል። መርከበኞቹ ለነገ ሸራቸውን ያዘጋጃሉ።

«አልተናገርሽም» አላት። «ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር። አመሰግናለሁ።»

«አታመስግነኝ።»

«ለምን?»

አጠገቡ ተቀመጠችና ዳቦውን ገምሳ ሰጠችው። እሱ በላ። ኢንካፍ አዝኖም ይበላል።

«ከመርከበኞቹ አንዱ የእኛ ሰፈር ሰው ነው» አለ እያኘከ። «ለእናቴ መልእክት ላክሁ። 'ልጅሽ ድምፁ ጎርምሷል፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ ስመጣ እንዳትደነግጪ' በልልኝ አልኩት። ከዚያ ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ድምፅህን አሰማኝና እኔ አስመስዬ አሰማታለሁ።'» ሊስቅ ፈለገ። ጠጠሩን ወረወረ። «ሦስት ጊዜ 'እማዬ' አልኩለት። ሰው ሁሉ ሲያየኝ። እሱ ሲያስመስለው ግን አይመጣለትም።»

ኑቢት ቀና ብላ ከከተማው በላይ ያለውን ፒራሚድ አየችው። ይህን ስታደርግ ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ያደገ ነገር ነው፤ እሷ ጥርስ ስታበቅል እሱ ድንጋይ ያበቅል ነበር። አሁን ግን የናፈቃት እሱ አለመሆኑን አየች። የናፈቃት ያ እርጥብ መንገድ ነው፣ የአያቷ ሳቅ ነው፣ «ይመጣል!» የሚለው ድምፅ ነው። ምድጃውን መልሰው ቢያነዱትም ያ አይመለስም። ዛሬ ደጃፏ ላይ የሸተታት ዳቦ የድሮው አልነበረም፤ በንዴት የተጋገረ ዳቦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወቃሪዎቹ ግድግዳው ሥር ተሰብስበው ነበር። ማንም አይቀልድም። ሜሁ አዲሱን ጥልቀት በቀይ አፈር ምልክት ያደርጋል። ኢንካፍን ውሃ እንዲቀዳ ወደብ ልኮታል፤ ቅጣት ይመስላል እንጂ ሊያሳርፈው ብሎ ነው፤ ወቃሪዎቹ ዓይናቸውን አልነቅል ብለውት ነበርና።

ኑቢት የውሃ ማሰሮና ጨርቅ ይዛ መጣች። ከመጨረሻው በፊት ካለው ድንጋይ ሥር ተንበርክካ አፈሩን በእጇ መጫር ጀመረች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለ ሜሁ።

«ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ።»

«ልጅቷ ደግሞ ጀሶ ልትቀብር ነው» አለ ሴኑ። የሳቀለት የለም።

ከዚያ ወዲህ የወቀራው ትራፊ ተከምሮበት አፈሩ ጠንክሯል፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ክንዷ የሚያህል ከቆፈረች በኋላ ጨርቁን አርጥባ ሸካራውን ድንጋይ አሸችው። መጀመሪያ ጭቃ ወረደ። ቀጥሎ ቀይ ሦስት ማዕዘን ወጣ፤ ጫፉ ሹል፣ ከሥሩ አጭር ሰረዝ ያለው።

ሜሁ አጠገቧ ተንበረከከ። ምልክቱን በጣቱ ሳይነካ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይህ የሹሙ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ ያኛው የማን ነው?»

«የአባባ። አንድ ድንጋይ ጨምሪ ብለውኝ ነው። የእኔ ናት አሉ። ለአንተ እንዳልነግርህ ቃል አስገብተውኝ ነበር።»

ከላይ ሴኑ ነበር መጀመሪያ የገባው። «እኒያ ሽማግሌ!» ብሎ ጮኸ። «ሞተውም ሥራ ያበዙብናል!» ሳቅ ፈነዳ፤ ትናንት ፊቱን የሸፈነው ሽማግሌ ወቃሪ እንኳ ጥርሱ ታየ። አንዱ «እንግዲያ ጨርሰናል እኮ!» አለ፤ ሌላው «ዝም በል፣ አለቃው ይናገር» አለው።

ሜሁ አልሳቀም። ተነሳና እጁን በመጨረሻው ድንጋይ ላይ አሳረፈ።

«ይህን ድንጋይ አባቴ ነው የጎተተው» አለ። «እኔ ያኔ ውሃ አፍሳሽ ነበርኩ። መስመሩን ከመለስነው እንዲህ እንደሆነ ነው የሚቀረው፤ ግማሹ የለሰለሰ፣ ግማሹ ሸካራ፣ ጎድጓዳውም እንዳለ። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ አይነካውም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም? ለቃልሽ ብለሽ ነው?»

አዎ ብትል ያምናታል። እንዲያውም ያመሰግናት ይሆናል።

«እንዳይሄዱ ፈልጌ ነው» አለች።

ሜሁ ዘወር ብሎ አያት። ሊቆጣ የነበረ ይመስላል፤ ከዚያ ዓይኑ ከግድግዳው ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ ፈረሰው አቀበት ሄደ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እፈልጋለሁ» አለች ኑቢት። «ግን ይሂዱ።»

ሜሁ እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ። «ሴኑ፣ ውረድ። ገመድ አምጣ። ሹሙ ሳይደርሱ መስመሩን እንመልሰዋለን» አለ። ሰዎቹ ተንጫጩ፤ አንዱ ከአሁኑ መውቀሪያውን ለማን እንደሚሰጥ ይጠይቅ ነበር። ሜሁ ወደ ኑቢት ጎንበስ አለ። «ያ ልጅ ወደብ ነው። ሰው ልላክበት?»

«አትላክ» አለች። «እኔ እነግረዋለሁ።»

ሌላ ሰው ነግሮት በሩቅ ሲዘል ከምታየው፣ እሷው ነግራው በቅርብ ሲስቅ ብታየው ይሻላል። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መርከቡ ሳይነሳ ለመድረስ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች።